ከባለቤቱ ቀድሞ ገራዶ የገባው ካርቶን

ገራዶን የማታውቁት ብዙ ናችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እናቴ የተወለደችበት ባይሆን ኖሮ እኔም አላውቀውም ነበር። ከደሴ ሚኒባስ ተሳፍረው ጥቂት ሲሄዱ የሚገኝ ትንሽ ከተማ ነው። ወደዚያ የሄድኩት በኮሮናው ክረምት፣ አረፋ ሲቃረብ፣ የአክስቴን ልጅ የዘይነባን ካርቶን ይዤ ነው። ዘይነባን ራሷን አልያዝኩም። የዚህ ጉዞ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ቦሌ፣ አየር ማረፊያው የጭነት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የመጣ እቃ መዝኖ መረከብ ነው ሥራዬ። ከዚያ ዓመት በፊት ማን ዞር ብሎ ያየን ነበር? ሰው አየር ማረፊያ ሲል የሚያስበው መንገደኛው የሚስተናገድበትን፣ ሽቶ ሽቶ የሚለውን አዳራሽ ነው። እኛ ከጓሮ ነን። በሽታው ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ያ አዳራሽ ጭር ብሎ የጽዳት ሠራተኞች ብቻ ወዲያ ወዲህ ሲሉበት፣ የእኛ ግቢ መተላለፊያ ጠፋበት። ጭምብልና ጓንት ይገባል፤ ስጋና አበባ ይወጣል። የጭነት አውሮፕላን አልበቃ ሲል ሰው ያመላልሱ የነበሩት ወንበራቸው እየተነቀለ ለጭነት ዋሉ። አንዳንዶቹማ ወንበራቸው ሳይነቀል ካርቶን ተቀመጠባቸው፤ ከላይ መረብ ተወጠረ። የመጀመሪያ ቀን ገብቼ ሳይ ሳቅሁ። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ካርቶን ውጭውን የሚያይ ይመስላል። ነገሩ ወር፣ ሁለት ወር ሲሰነብት ግን ሳቁም ተወኝ።

ዘይነባ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል። በዚያው ዓመት አሠሪዎቿን ተሰናብታ፣ ቲኬቷን ቆርጣ፣ እቃዋን በካርጎ አስቀድማ ላከች። እቃው በመንገድ ላይ እያለ ሰው የሚጭነው በረራ ቆመ። ካርቶኗ መጣ፣ እሷ ቀረች። የተረከብኩትም እኔው ነኝ። መጋዘን ውስጥ ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን በኢሞ ደወለችልኝ።

"ሀዩ፣ ብርዱ ሳይብስ ካርቶኑን ለእማዬ አድርሽላት። ብርድ ልብስ አለበት።"

"አንቺስ?"

"እኔማ በረራው ሲከፈት..." አለችና መስመሩ ተቆረጠ። የዘይነባ ኢሞ ሁልጊዜ የሚቆረጠው ለእሷ የሚመች ቦታ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጎሕ ሲቀድ ከአውቶቡስ ተራ ተነሳሁ። ወደ ኮምቦልቻ የሚበር ለጊዜው የለም ተብያለሁ። አየር ማረፊያ እየሠሩ በአውቶቡስ መንገላታት ዳቦ ቤት እየሠሩ እንደ መራብ ነው፤ ግን ምን ይደረጋል። ረዳቱ ካርቶኑን ገና ሲያየው "እቃ ከላይ!" አለ። ሰማዩን አሳየሁት፤ ጥቁር ነበር። በዚያ ክረምት አውቶቡስ የሚጭነው በግማሽ ስለሆነ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን መሄድ ነበረበት።

"እዚህ ላይ የተከለከለው ሰው ነው፤ ካርቶን አልተከለከለም" አልኩት።

ረዳቱ ከጭምብሉ በላይ ዓይኑን አፍጥጦ "ጠበቃ ነሽ እንዴ?" አለኝ። ካርቶኑ ግን ተቀመጠ። ደብረ ብርሃን ላይ እኔ ሻይ ጠጥቼ ፓስታዬን ስበላም፣ ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ሲውጠውም ከአጠገቤ አልተነቃነቀም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከብዙ መንገደኛ ይሻላል፤ አያንኮራፋም፣ መስኮት ካልተዘጋ ብሎ አይጨቀጭቅም። ብቻ አሁንም አሁንም እጄን ጣል አደርግበታለሁ። ልጆች ሳለን ዘይነባ ክረምት ክረምት እኛ ዘንድ ትመጣ ነበርና አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ናፍቃኛለች። ካርቶን ደግሞ የሰው ትከሻ አይሆንም።

የጣርማበሩ ዋሻ ጋ ከመድረሳችን በፊት ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ዘይነባ እናት፣ ወደ አክስቴ ዘሀራ ደወልኩ።

"እቴቴ፣ የዘይነባን ካርጎ ይዤ እየመጣሁ ነው።"

"ካርጎዋ መጣ?" አሉ።

"አዎ፣ መጣ።"

"አልሃምዱሊላህ። አልሃምዱሊላህ፣ ጀሊሉ ሆይ..." ሲሉ ዋሻው ውስጥ ገባንና ድምፃቸው ጠፋ። ለብርድ ልብስ ይህን ያህል ምስጋና በዛ አልኩ፤ ደግሞ የደሴን ብርድ አስቤ ልክ ናቸው ብዬ ተውኩት።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቤን አወለቅኩ። ከሚሴን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ፍሬኑ ሸተተና ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ሁላችንም ወርደን ከአንድ ግራር ሥር ተኮለኮልን። ሙዝ የምትሸጥ ሴት መጣች፤ ከየት እንደመጣን ስትሰማ ሙዙን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ገንዘቡንም እዚያው ድንጋዩ ላይ ተውንላት። አዲስ አበባ ሳለሁ ከውጭ የመጣ ሰው ሳይ ፈቀቅ የምለው እኔ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ የሚፈቀቅልኝ ተገኘ።

ኮምቦልቻ ስንገባ መሽቶ ስለነበር ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና አልነበረም። አንዱ አልቤርጎ "ከአዲስ አበባ ከሆነ ይቅርታ" አለኝ። ሁለተኛው ይቅርታውንም አልጨመረም። ካርቶኔ ላይ ተቀምጬ ልቅሶ ልቅሶ ሲለኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጠው የመጡ ሴት ተመልሰው መጡ። ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው።

"አንች ልጅ፣ ምን ያስቀምጥሻል? ነይ እንጂ ቤት።"

"ከአዲስ አበባ ነኝ እኮ፣ እማማ።"

"እኔስ ከየት የመጣሁ መሰለሽ? አንድ አውቶቡስ ውስጥ አልነበርን? ከያዘንም አብሮ ነው የያዘን" አሉና የካርቶኑን ገመድ አንዱን ጫፍ ያዙ።

ቤታቸው ከአየር ማረፊያው አይርቅም። እኔ ገርጂ፣ አውሮፕላን ጣሪያ ላይ የሚያልፍበት ሰፈር ነው የምኖረው፤ በረራው ካነሰ ወዲህ የመጣው ዝምታ እዚህም እንደዚያው መሆኑ ገረመኝ። ስሜን ጠይቀው ሀያት ስላቸው ምንም ሳይሉ ብረት ድስቱን ከፍተው ያዩትን መልሰው ከደኑት፤ ለእኔ ሽሮና እንቁላል ለብቻ ሠሩልኝ። ወሎ እንዲህ ነው። የማን ስጋ ለማን እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ንግግር አያደርግበትም። መኝታዬን በረንዳው ጎን ካለችው ክፍል አነጠፉልኝ። የኮምቦልቻ ሙቀት ለእኔ ምቹ ሆኖ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ጠዋት ቁርስ ላይ አውሮፕላኗ ስለቀረች ወጥ እንደሚያርርባቸው አጫወቱኝ። "ድምጿን ስሰማ ነበር ወጥ የምጥደው። ሰዓት አላይም ነበር። አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እያልኩ ሽንኩርቱ ቁሌት ሳይሆን ከሰል ይሆናል። አዲስ አበባ ያለው ልጄም በዓመት በዓል በእሷ ነበር የሚመጣ።" ከዚያ ወደ ካርቶኑ አገጫቸውን አነሱ። "የማን ነው?"

ነገርኳቸው።

"ልጅቱስ?"

"ቀረች። ሰው የሚጭን የለም።"

"እናቷ ያውቃሉ?"

"ካርጎዋን ይዤ እየመጣሁ ነው አልኳቸው።"

ወይዘሮ ትርንጎ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "እንዲሁ ነው ያልሻቸው? ካርጎዋ መጣ ብለሽ?"

"አዎ።"

"ወይ ልጄ። እዚህ አገር ካርጎ መጣ ማለት ሰው መጣ ማለት ነው። የትኛዋም ልጅ ከዓረብ አገር ስትመለስ ካርጎው ይቀድማል፣ እሷ ትከተላለች። ካርጎ የገባበት ቤት በግ ያስራል። እኝህ ሴትዮ ልጃቸው ከኋላሽ አለች ብለው ነው የሚጠብቁ።"

ቦሌ ለእኛ ካርጎ ማለት ኪሎ ነው፤ ሰው ማለት መሆኑን የነገረኝ የለም። ወዲያው ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። "አብሽሪ" አሉኝ ወይዘሮ ትርንጎ፤ "ብቻ በቶሎ ድረሽ። እንዲህ ያለ ነገር በቆየ ቁጥር ይከብዳል።" እስከ መኪናው ሸኙኝ። ጭምብሌን አስተካክለውልኝ፣ ሳይስሙኝ ቀሩ፤ እጃቸው ግን እስከ ጉንጬ ደርሶ ነበር የተመለሰው።

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ በሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ገደሉና ስለ ጠመዝማዛው ብዙ በጻፍኩላችሁ። ያን ቀን ያየሁት የስልኬን መስታወት ብቻ ነው። ደሴ ዝናብ ነበር። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው እንኳ ይበርዳል፤ ብርዱ ከእግር ነው የሚጀምረው። አንዲት ደሳሳ ቤት ገብቼ የተቀቀለ ድንች በዳጣ አዘዝኩ። ርቦኝ አይደለም፤ መድረስ ፈርቼ ነው። ባለቤቷ ሳልበላው ስታይ "ጨው ጎደለው?" አለችኝና አዲስ ቀይራ አመጣችልኝ። ይሉኝታ ይዞኝ ሁለተኛውን በላሁት። አክስቴ አሁንም ስልክ አያነሱም። ለካ ስልኩ ጓዳ ተሰክቶ እሳቸው ደጅ ነበሩ፤ ድንኳን ቢጤ እየወጠሩ።

ገራዶ ሚኒባሱ ገና ሳይቆም እልልታው ተቀበለን። ሴቶች ሻሻቸውን አሳምረው የአክስቴ ደጅ ላይ ተሰብስበዋል። እኔ ወረድኩ። ካርቶኑ ወረደ። እልልታው እንደቀጠለ ሁሉም በትከሻዬ በኩል ወደ መኪናው ያያሉ። አንድ ሽማግሌ ወረዱ። አንዲት ሴት ከነልጇ ወረደች። ከዚያ ረዳቱ በሩን ስቦ ዘጋው። እልልታው ከዳር ጀምሮ እየቀነሰ መጥቶ አንዲት ጆሯቸው የማይሰማ ባልቴት ጋ ብቻ ቀረ፤ አጠገባቸው ያለችው ክንዳቸውን ነካ አደረገቻቸው።

አክስቴ መሬት መሬት እያዩ ቀስ ብለው መጡ። በጣም አርጅተዋል። ሊስሙኝ ሲሉ ወደ ኋላ አልኩ፤ ቦሌ የምሠራ ነኝ፣ ባስይዛቸውስ ብዬ።

"መሳምም ቀረ?" አሉ።

"ለእርስዎ ፈርቼ ነው፣ እቴቴ።"

"ልጄስ?"

"በረራ የለም፣ እቴቴ። ስደውል በደንብ አልነገርኩዎትም።"

"ይህስ በምን መጣ?" ካርቶኑን በእግራቸው ጣት አሳዩኝ።

"በአውሮፕላን።"

"የለም አላልሽም አሁን?"

"ለእቃ አለ። ለሰው ነው የሌለው። ወንበሩ ላይ እቃ እየተጫነ..."

"የሰው ወንበር ላይ?"

"አዎ።"

"የልጄን ወንበር ካርቶን ያዘባት በይኛ" አሉ። ለእንግዳ ግን ፊት አይነሳም፤ ውኃ አስመጥተው፣ ሳሙና አቀብለው፣ ገንፎ አቀረቡልኝ። ቅቤው መሃሉ ላይ ቀልጦ ነበር። ለዘይነባ የተሠራ ገንፎ መሆኑን እያወቅሁ በላሁት። ጎረቤቶቹ ዱዓ አድርገው አንድ በአንድ ሄዱ። ካርቶኑን ማንም አልነካውም፤ ካርጎ የሚከፈተው በባለቤቱ እጅ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የመጣለትን የምትሰጠው እሷው ናት።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል፣ የእኔ ስልክ ኔትወርክ አልይዝ ስላለ፣ የጎረቤት ልጅ የሆነች መምህርት ኢሞ የሚይዝ ስልክ ይዛ መጣችና ዘይነባን አገኘናት። አምራለች። ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ እጅጌው ላይ የወርቅ ቀለም ጥልፍ አለው፣ አንገቱም እንዲሁ። አክስቴ ስልኩን ሲያስጠጉት ፊታቸው በራ።

"ማሻአላህ፣ ልጄ ሙሽራ መስላለች። ምን ደግሰሽ ነው?"

"ምንም፣ እማዬ። እንዲያው ነው" ብላ ሳቀች። "እማዬ፣ ካርቶኑን ክፈችው። እኔ እዚህ ሆኜ አያለሁ፤ ለማን ምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።"

"አንች ሳትመጭ?"

"ብርድ ልብሱ እኮ ለክረምት ነው። እምቢ ካልሽ እኔንም ብርድ ይገባኛል።"

አክስቴ ቢስሚላህ ብለው ቢላዋ አነሱ። ከላይ ብርድ ልብሱ ወጣ፤ ወፍራም፣ ቀይ አበባ ያለበት። ለአንዱ ሽቶ፣ ለሌላው ቴምር፣ ለእኔ እንኳ ሻርፕ ነበረው። ዘይነባ ከስልኩ ውስጥ ሆና ታከፋፍላለች፣ መምህርቷ ለየሰዉ ታስቀምጣለች። ከሥጦታው ሥር ግን ሌላ ነገር መጣ። የቤት ቀሚስ፣ ክርኑ የሳሳ። ሌላ የቤት ቀሚስ። ነጠላ ጫማ። የሌሊት ልብስ፣ ካልሲ፣ ማበጠሪያዋ ሳይቀር። አክስቴ አንዱን እያነሱ እያጠፉ ጎን አስቀመጡ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ካርቶኑን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ እንደገና ካርቶኑን።

"ዘይነባ።"

"አቤት እማዬ።"

"እጅጌሽን ወደዚህ አምጪው እስቲ።"

"ለምን?"

"አምጪው።"

እጅጌዋን አቀረበች። የወርቁ ጥልፍ ጫፍ ጫፉ ተተርትሯል፤ ጥቁሩ ጨርቅም ሳሙና በዝቶበት አመድማ ሆኗል።

"የምትመጭበት ነው ይሄ ቀሚስ" አሉ አክስቴ።

ኢሞው ያን ቀን ብቻ አልተቆረጠም።

"ልብስሽን በሙሉ ልከሽ ይሄን ብቻ አስቀረሽ። በሱው ነው የምትሠሪበት፣ በሱው ነው የምትተኝበት። ወላሂ ነው?"

"ማታ አጥበዋለሁ፣ ጠዋት ይደርቃል። ሙቀት ነው እማዬ፣ ቶሎ ይደርቃል" አለችና ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ካርቶኑን በእጄ የመዘንኩት እኔ ነኝ፤ ውስጡ ሙሉ ሰው እንዳለ የሚናገር ሚዛን ግን የለንም።

አክስቴ አላለቀሱም። ወደ እኔ ዞሩ።

"ወደ ልጄ አገር አሁን ምን ይሄዳል?"

"ሰው አይሄድም፣ እቴቴ።"

"ሰው አላልኩሽም። ምን ይሄዳል?"

"አበባ፣ አትክልት... ስጋ።"

"እኔስ ስጋ አይደለሁ?" አሉ። የሳቀ የለም፤ እሳቸውም ሊያስቁን አላሉትም። "እንግዲያስ እኔ ካልተጫንኩ ይህ ይጫን። አንች አይደለሽ ሀጃ ጉዳያችንን የምትፈጽሚው፤ መልሰሽ ትልኪላታለሽ።" ሥጦታውን ሁሉ በቦታው ተዉና የቤት ቀሚሶቹን መልሰው ማጠፍ ጀመሩ። ብርድ ልብሱንም ሊጨምሩ ሲሉ ዘይነባ ከስልኩ ውስጥ "እሱንስ ወላሂ አልቀበልም፣ እዚህ እሳት ነው" ብላ ስለጮኸች ተዉት። በቦታው በሶ ገባ፣ ጭኮም ገባ፣ ከጎረቤት የመጣ የበግ ስጋም ለቋንጣ ተሰቀለና እስኪደርቅ ሁለት ቀን ያህል ቆይቼ ልጠብቅ ተባለ። ይበላሻል ብዬ ስከራከር ቆይቼ ተሸነፍኩ። የዚያን ቀን ከሰዓት የበላሁት ቂጣ በአሬራ ነው፤ እኛ ሰፈር አሬራ የሚገኘው ሱፐርማርኬት ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ ነው፣ እንዲህም አይኮመጥጥም።

ቋንጣው ሳይደርቅ አረፋ ዋለ። ለዘይነባ የታሰረው በግ ለአረፋ ታረደ፤ ግማሹ ለሰደቃ ሄደ። አክስቴ ቀዩን ብርድ ልብስ ደርበው ሰው ሲቀበሉ ዋሉ፤ "ልጄ ናት የላከችልኝ" ይላሉ፤ "መቼ ትመጣለች?" ለሚላቸው "ካርጎዋ ቀድሟታል" ብለው ይመልሳሉ።

ስመለስ ደሴ አልቆየሁም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ ሙቀት የሚለካው ሰው ግንባሬ ላይ መሣሪያውን ደግኖ ካርቶኑን አየ።

"ከዓረብ አገር ነው?"

"አይ፣ ወደ ዓረብ አገር ነው።"

ጓደኛውን ጠርቶ አስደገመኝ። "ከወሎ ወደ ዓረብ አገር? ምን ቢሄድ ነው?" ብለው ሳቁ። የቤት ቀሚስ ስላቸው ደግሞ የበለጠ ሳቁ። አልፈረድኩባቸውም። ወይዘሮ ትርንጎ ደውዬላቸው አውቶቡሱ ድረስ ዳቦ ይዘው መጥተው ነበር። የሆነውን በመስኮት ነገርኳቸው፤ ሰምተው ሲጨርሱ ዳቦውን አቀበሉኝ።

ካርቶኑን እኔው መዝኜ ሰደድኩት። የሚሄድበት አውሮፕላን ሆዱ ስጋ፣ ወንበሩ ካርቶን ነበር። ሳይደርስ ብዙ ቆየ፤ እኔም በየቀኑ አልጠየቅሁም ብል እዋሻለሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዘይነባ ፎቶ ላከችልኝ። ያን ክርኑ የሳሳ የቤት ቀሚስ ለብሳለች፤ አፏ ላይ በሶ አለ። ለአክስቴ ደወልኩና ደርሶላታል አልኳቸው።

"ቀሚሱን ለብሳዋለች?"

"ለብሳዋለች፣ እቴቴ። የቤት ቀሚሷን።"

"ያኛውንስ? ጥቁሩን?"

ፎቶውን ዳግመኛ አየሁት። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ አባያው በላስቲክ ተሸፍኖ በማንጠልጠያ ተሰቅሏል።

"አጥባ ሰቅላዋለች።"

"የት ጋ?"

"በሩ አጠገብ።"

አክስቴ ትንፋሻቸውን ሲያወጡ ሰማሁ። "ደግ ቦታ ነው" አሉ። "ስትወጣ አትረሳውም።"